የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ጥያቄ ምን ሊፈትን እንደፈለገ መለየት፦ ከሰዋስውና ከሥነ ጽሑፍ እገዛ የተገኘ ተሞክሮ

ተማሪዎችን በእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ማገዝ ከጀመርሁ በርካታ ዓመታት ሆነዋል። የሚመጡልኝ ጥያቄዎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ክፍት ቦታ ሙላ፣ ትክክለኛውን ግሥ ምረጥ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀይረህ ጻፍ የሚል የሰዋስው መልመጃ ሲሆን፣ ሌላው ከልቦለድ፣ ከተውኔት ወይም ከግጥም የተቀነጨበ ምንባብ አቅርቦ ስለ ጭብጡ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለ ቋንቋ አጠቃቀሙ የሚጠይቅ ነው። የሁለቱ መልክ ቢለያይም ተማሪው የሚሰናከልበት ቦታ በአብዛኛው አንድ ነው። እያንዳንዱ የቤት ሥራ ጥያቄ አንድ የተወሰነ ችሎታ ለመፈተን ይዘጋጃል፤ ተማሪው ግን ያ ችሎታ ምን እንደሆነ ሳይለይ መልስ ፍለጋ ይጀምራል። ከዚህ በታች የማካፍለው ያንን ለይቶ ማወቂያ መንገድ ነው፤ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን አጠገባቸው ተቀምጠው ለሚያግዙ ወላጆች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እገዛ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አንዲት መስመር ብቻ ይዞ ይመጣል። ከመልመጃው በላይ የተጻፈውን መመሪያ፣ ጥያቄው የተመሠረተበትን ምንባብና ራሱ የሞከረውን መልስ ትቶ «የዚህ መልስ ምንድን ነው?» ይላል። እንዲህ ላለው ጥያቄ እርግጠኛ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ክፍት ቦታ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ሲታይ በኃላፊ ጊዜም፣ በአሁን ጊዜም፣ በትንቢት ጊዜም ሊሞላ ይችላልና። ትክክለኛውን የሚወስነው መመሪያውና መልመጃው የሚገኝበት የመጽሐፉ ምዕራፍ ርእስ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የምጠይቀው ርእሱን ነው። ምዕራፉ ስለ ተደራጊ ግሥ የሚያስተምር ከሆነ መልመጃውም የሚፈትነው እሱኑ ነው፤ ይህ ሳይነገር የሚታወቅ ቢመስልም በርካታ ተማሪዎች መልመጃውን ከምዕራፉ ነጥለው ያዩታል።

ቀጥዬ የምጠይቀው የተሞከረውን መልስና ያስመረጠውን ምክንያት ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ጽፈው ሊመጡ ይችላሉ፤ የስሕተቱ ምንጭ ግን ይለያያል። አንደኛው የትኛው ጊዜ እንደሚያስፈልግ አላወቀም፤ ሌላው ጊዜውን በትክክል ከለየ በኋላ የግሡን ሦስተኛ ቅርጽ ባለማጥናቱ «ሪትን» ማለት ሲገባው «ሮት» ብሎ ጽፏል። ለመጀመሪያው ስለ ጊዜ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው ግን የኢ-መደበኛ ግሦችን ሰንጠረዥ ከፍቶ ማጥናት ይበቃዋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ የአንዱን ምሽት ያባክናል።

ከሰዋስው እንጀምር። በጊዜ መልመጃዎች ውስጥ መልሱን የሚጠቁሙ ቃላት አሉ። «የስተርደይ»፣ «አጎ»፣ «ላስት ዊክ» ወይም አንድ የታወቀ ዓመት ከተጠቀሰ ድርጊቱ ባለቀ ጊዜ ውስጥ ስለተፈጸመ ተራው ኃላፊ ጊዜ ያስፈልጋል። «ሲንስ»፣ «የት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ኤቨር» ከመጡ ደግሞ በ«ሃቭ» ወይም በ«ሃዝ» የሚመሠረተው ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ተፈላጊው ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚሳሳትበት የራሱ ምክንያት አለው። በአማርኛ «ትናንት ነግሬሃለሁ» ብንል ማንም አያርመንም፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ሃቭ ቶልድ ዩ የስተርደይ» ስሕተት ሲሆን «አይ ቶልድ ዩ የስተርደይ» መባል አለበት። እንዲሁም «ከ2010 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» የሚለውን አስቦ «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ 2010» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው፤ ትክክለኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ 2010» ነው። «ሲንስ» ድርጊቱ የጀመረበትን ነጥብ፣ «ፎር» ደግሞ የቆየበትን ርዝመት ያስከትላሉ። ተማሪው ክፍት ቦታውን ከመሙላቱ በፊት ጊዜ አመልካቹን ቃል በእርሳስ እንዲያሰምርበት አደርጋለሁ፤ ከተሰመረበት በኋላ የሚቀረው ምርጫ ጠባብ ነው።

የባለቤትና የግሥ ስምምነት መልመጃ ከዚህ ይቀላል፤ ወጥመዱም ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። መልመጃ አዘጋጁ በባለቤቱና በግሡ መካከል ቁጥሩ የተለየ ሌላ ስም ያስገባል። «ዋን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» ሲል ባለቤቱ «ዋን» እንጂ «ስቱደንትስ» አይደለም፤ ስለዚህ «ኢዝ» ይከተላል። በ«ኦፍ» የሚጀምረውን ሐረግ በጣት ሸፍኖ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ ይበቃል።

በሰዋስው በኩል ከፍተኛውን ጊዜ የሚወስድብኝ የሌላን ሰው ንግግር የማስተላለፍ መልመጃ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ይዞ «አለ» የሚለውን ያስከትላል። «ነገ እመጣለሁ አለ» ስንል የሚመጣው ያ ሰው እንጂ ይህን የምንናገረው እኛ እንዳልሆንን ማንም ሰሚ አይስተውም። በእንግሊዝኛ «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም ቱሞሮ» ተብሎ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ቢጻፍ ግን የሚመጣው ጸሐፊው ራሱ ይሆናል። እንግሊዝኛ ንግግሩን የሚያስተላልፈው ከአስተላላፊው ቦታና ጊዜ ተነሥቶ ስለሆነ ተውላጠ ስሙ፣ የግሡ ጊዜና እንደ «ነገ»፣ «እዚህ»፣ «ይህ» ያሉት አመልካች ቃላት አብረው ይለወጣሉ፤ ውጤቱም «ሂ ሴድ ሂ ውድ ካም ዘ ኔክስት ደይ» ይሆናል። ተማሪዎች ይህን እንደ ሦስት የተለያዩ ሕጎች ሲያጠኑት ይደባለቅባቸዋል። እኔ የማደርገው ማን ለማን ተናገረ፣ መቼ ተናገረ፣ አሁን የሚያወራው ማን ነው ብለው ሦስት ጥያቄ እንዲመልሱ መጠየቅ ነው። መልሶቹ ሲታወቁ ለውጦቹ የሚሸመደዱ ሕጎች መሆናቸው ይቀርና ከአስተላላፊው ቦታ በራሳቸው የሚከተሉ ይሆናሉ።

በዚሁ መልመጃ ውስጥ ጥያቄን ማስተላለፍ ሌላ እንቅፋት ነው። በቀጥታ ሲጠየቅ ረዳት ግሡ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ ሲተላለፍ ግን ቅደም ተከተሉ ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» የሚለው «ሺ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይሆናል፤ «ዌር ዲድ አይ ሊቭ» አይባልም። አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ያለው ጥያቄ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይቀድመዋል፤ ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ሲት» እንደሚባለው በ«ቱ» ይተላለፋል። «ቶልድ» የተነገረውን ሰው የግድ ይፈልጋል፤ «ሴድ» ግን አይፈልግም። ሁልጊዜ እውነት የሆነ ነገር ሲተላለፍ፣ ለምሳሌ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ መምህሩ ተናገረ ሲባል፣ ግሡ በአሁን ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ፈተና አዘጋጆች ይህንን መጠየቅ ይወዳሉ።

የተደራጊ ግሥ መልመጃ ለአማርኛ ተናጋሪ የተለየ ወጥመድ አለው። በአማርኛ «ሰበረ» የሚለው «ተሰበረ» ሲሆን «ተ» ተደራጊነትን ያመለክታል። ነገር ግን በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም፤ «ተከሰተ» የሚለው ድርጊቱን የፈጸመበት ሌላ ወገን አይጠይቅም። «ዘ አክሲደንት ዎዝ ሀፐንድ» የሚለውና በየደብተሩ የማገኘው ስሕተት ከዚህ ስሜት የሚመነጭ ይመስለኛል። «ሀፐን»፣ «ኦከር» እና «አፒር» ተሳቢ የማይቀበሉ ግሦች ስለሆኑ ተደራጊ ቅርጽ የላቸውም። መሞከሪያው «ማንን?» ወይም «ምንን?» ብሎ ግሡን መጠየቅ ነው፤ መልስ ከሌለው ወደ ተደራጊ አይለወጥም። መልስ ካለው ያ መልስ ወደ ፊት መጥቶ ባለቤት ይሆናል፣ «ቢ» የሚባለው ረዳት ግሥ የቀድሞውን ዓረፍተ ነገር ጊዜ ይወርሳል፣ ዋናው ግሥም ሦስተኛ ቅርጹን ይይዛል። ተማሪው የግሡን ጊዜ የሚሳሳተው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩን ጊዜ ስም ጠርዝ ላይ እንዲጽፍ እመክራለሁ።

ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በ«ሁ»፣ በ«ዊች» ወይም በ«ዛት» የማያያዝ መልመጃም አለ። በአማርኛ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል በግሡ መጨረሻ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ተማሪው ይህችን «ት» ወደ እንግሊዝኛ ይዟት ይሻገርና «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ይላል። «ዊች» የ«ኢት»ን ቦታ ስለያዘ ሁለቱ አብረው መቆም አይችሉም። በተጨማሪም በአማርኛ ገላጩ ከስሙ በፊት ሲመጣ በእንግሊዝኛ ግን ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ግራ የሚጋቡ ተማሪዎች ችግራቸው የቃላት ማነስ ሳይሆን ይህ ቅደም ተከተል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የይሆናል ዓረፍተ ነገሮች ከሚፈሩት በላይ ቀላል ናቸው፤ አማርኛው ራሱ ልዩነቱን ስለያዘው። «ካጠና ያልፋል» ስንል የሚሆን ነገር እየተናገርን ነው፤ «ቢያጠና ኖሮ ያልፍ ነበር» ስንል ግን ያልሆነውን። የመጀመሪያው «ኢፍ ሂ ስተዲስ፣ ሂ ዊል ፓስ» ሲሆን፣ ሁለተኛው ስላለፈ ነገር ከሆነ «ኢፍ ሂ ሃድ ስተዲድ፣ ሂ ውድ ሃቭ ፓስድ» ይሆናል። ያልሆነው ነገር ስለ አሁኑ ጊዜ ከሆነ ደግሞ «ኢፍ ሂ ስተዲድ፣ ሂ ውድ ፓስ» ይባላል። ስለዚህ ተማሪው ቁጥር ሰጥቶ ዓይነቶችን ከመሸምደድ ይልቅ ነገሩ ሊሆን የሚችል ነው ወይስ ያልሆነ፣ ያልሆነ ከሆነስ ስለ አሁን ነው ወይስ ስላለፈ ብሎ ቢጠይቅ ቅርጹ ራሱ ይከተላል።

ስለ «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ለቤት ሥራ ግን ስሙ የሚቆጠር ነው ወይ፣ አንባቢውስ የትኛው እንደሆነ ያውቃል ወይ የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች አብዛኛውን ይሸፍናሉ። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢኩዊፕመንት» እና «ሆምወርክ» የሚለው ቃል ራሱ የማይቆጠሩ ስለሆኑ «ኤ» አይቀድማቸውም፣ የብዙ ቁጥር «ኤስ»ም አይጨመርባቸውም። ለቋንቋው ተማሪዎች ተብለው የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት የሚቆጠረውን ስም «ሲ» በምትባለው ፊደል፣ የማይቆጠረውን «ዩ» በምትባለው ይለዩታል፤ ይህችን ምልክት ማንበብ የሚችል ተማሪ ረዳት የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። «አን» የሚመረጠው በአጻጻፍ ሳይሆን በድምፅ ነው፤ «አን አወር»፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» ይባላል። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚል ልዩነት ስለሌለው የትልቅ ፊደል ስሕተት በሁሉም ደብተር ላይ ይታያል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያዎችን፣ የሰውና የቦታ ስሞችን፣ የቀናትንና የወራትን ስሞች፣ የቋንቋዎችንም ስም ለብቻው አንድ ጊዜ መፈተሽ ነው።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንሻገር የምዕራፉን ርእስ ቦታ የሚይዘው የትእዛዝ ግሡ ነው። «አይደንቲፋይ» ከሆነ ከምንባቡ ለይቶ ማውጣት ብቻ ይፈለጋል። «ኤክስፕሌይን» ሲል እንዴትና ለምን የሚል መልስ ይሻል። «ኮንትራስት» ልዩነትን ብቻ ሲጠይቅ «ኮምፔር» አብዛኛውን ጊዜ አንድነትንም ልዩነትንም ይፈልጋል። «አናላይዝ» ከሁሉ ከባዱ ነው፤ ደራሲው የመረጠው ቃል ወይም አደራደር በአንባቢው ላይ ምን እንደሚፈጥርና ያንን በምን ዘዴ እንዳደረገው ማሳየትን ይጠይቃል። «ቱ ዋት ኤክስቴንት» ከመጣ ተማሪው የራሱን ፍርድ መስጠትና ከፍርዱ በተቃራኒ ያለውን ማስረጃም መመልከት አለበት። ከጥያቄው ጎን የሚጻፈው የነጥብ ብዛት ደግሞ የመልሱን ርዝመት ይናገራል፤ ለ2 ነጥብ ሙሉ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ ለ15 ነጥቡ ጥያቄ ጊዜ ያጥረዋል።

በተደጋጋሚ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ጭብጥ ነው። ተማሪው «ጭብጡ ፍቅር ነው» ብሎ ይጽፍና መምህሩ ለምን ግማሽ ነጥብ እንደሰጠው ይገርመዋል። ፍቅር ርእሰ ጉዳይ እንጂ ጭብጥ አይደለም፤ ጭብጥ የሚሆነው ድርሰቱ ስለ ፍቅር የሚለው ነገር ነው። ስለዚህ መልሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት፤ እሱም ሌላ አንባቢ ሊከራከርበት የሚችል መሆን ይኖርበታል። ሌላው ጫፍ ጭብጡን ወደ ምክር መለወጥ ነው፤ «መስረቅ ክፉ ነው» ወይም «ወላጆቻችንን እናክብር» የሚል መልስ ከምንባቡ ይልቅ ከተማሪው ሕሊና የመጣ ይመስላል። መልካም ድርሰቶች ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ክፍት ትተውት ይሄዳሉ፤ ተማሪው ያንን ክፍተት ከመድፈን ይልቅ መግለጽ ይችላል።

በጥቅስ አጠቃቀም ላይ ደግሞ ብዙዎች ግማሽ መንገድ ሄደው ይቆማሉ። ነጥባቸውን ይናገራሉ፣ ረጅም ጥቅስ ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ነጥብ ያልፋሉ። ነጥብ የሚሰጠው ግን ከጥቅሱ በኋላ ለሚመጣው ማብራሪያ ነው። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመውን «አኒማል ፋርም» እንውሰድ። እርሻውን ከባለቤቱ ነጥቀው የያዙት እንስሳት ካወጧቸው ሰባት ሕግጋት አንዱ አልጋ ላይ መተኛትን ይከለክላል፤ አሳማዎቹ አልጋ ላይ መተኛት ከጀመሩ በኋላ ግን በሕጉ መጨረሻ ላይ ስለ አንሶላ የሚናገሩ ሁለት ቃላት ተጨምረው ይገኛሉ። «አሳማዎቹ ሕጉን ስለለወጡ ክፉዎች ናቸው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ትንታኔ አይደለም። የተሻለው መልስ ሕጉ እንዳልተፋቀ፣ እንዲያውም የበለጠ ዝርዝር የያዘ መስሎ እንደቀረበ፣ የተጨመረው ሐረግ ግን ክልከላውን አጥብቦ አልጋውን ለአሳማዎቹ እንደፈቀደና ማንበብ የማይችሉት እንስሳት የቀድሞውን ቃል ማረጋገጥ እንዳልቻሉ ያሳያል። እዚህ ላይ ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ይገናኛሉ፤ በሰዋስው ክፍል ሐረግ የስምን ወሰን እንደሚያጠብ የተማረ ልጅ አምባገነንነት እንዴት በሁለት ቃል እንደሚሠራ ማስረዳት ይችላል። በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚጻፉ መልሶች ሌላም አደጋ አለባቸው፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1917ቱ የሩሲያ አብዮትና ከዚያ በኋላ ከሆነው ጋር ስለሚያያዝ ተማሪው ምንባቡን ትቶ የታሪክ ድርሰት ይጽፋል። የአብዮቱ ታሪክ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ የተጠየቀው ልቦለዱ ነው።

ተራኪንና ደራሲን መለየትም ያስፈልጋል። ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ያሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው አንድ የባሕር ተጓዥ ለእህቱ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ነው፤ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ቪክቶር ፍራንከንስታይን ታሪኩን ይነግረዋል፤ በቪክቶር ትረካ ውስጥ ደግሞ የተፈጠረው ፍጡር ራሱ ይናገራል። ስለዚህ «አንባቢው ለፍጡሩ ለምን ያዝናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በደረሰበት መከራ ላይ ብቻ ሳይሆን መከራውን በራሱ አንደበት የመናገር ዕድል በማግኘቱ ላይ ነው። «ሜሪ ሼሊ ፍጡሩን ትጠላዋለች» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የቪክቶርን ቃል ለደራሲዋ ሰጥቷል። ስሙንም እናስተካክል፤ ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው፤ ፍጡሩ ስም የለውም።

ግጥም ሲመጣ ተማሪዎች በየስንኙ መጨረሻ ላይ ይቆማሉ። ሐሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ስንኝ ይሻገራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሥርዓተ ነጥቡ መሠረት ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፣ ከዚያ ዋናውን ግሥና ባለቤቱን መፈለግ ያስፈልጋል። ገጣሚው ቅደም ተከተሉን ገልብጦት ከሆነ ወደ ተራ አቀማመጥ መልሶ መጻፍ ግማሹን ጭጋግ ይገፋል። የምት ጥያቄም አማርኛ አንባቢን ያታልላል። የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚነገር የድምፅ ክፍል፣ ቁጥር ነው፤ ወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት በሐረግ ስድስት፣ በስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም ይዞ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ግን ቀለሙን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ቀለም ጠብቆ እንደሚነገርም መስማት ያስፈልጋል። አያምቢክ ፔንታሜትር የሚባለው አምስት ጊዜ የሚደጋገም ላላ-ጠበቅ የሚል ጥንድ ነው። ሶኔት ከቀረበ 14 ስንኝ መሆኑን ቆጥሮ ማለፍ ሳይሆን ሐሳቡ የሚታጠፍበትን ቦታ መፈለግ ይገባል፤ በጣሊያናዊው ዓይነት መታጠፊያው አብዛኛውን ጊዜ ከስምንተኛው ስንኝ በኋላ ሲሆን፣ በሼክስፒር ዓይነት ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ብቻቸውን ቤት ስለሚመቱ ብዙ ጊዜ ሐሳቡ እዚያ ይደመደማል ወይም ይገለበጣል።

በሼክስፒር ተውኔቶች ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ያልታሰበ ብልጫ አለው። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው «ዛው» ወይም «ዩ» ማለት ይቻል ነበር፤ በጥቅሉ የመጀመሪያው ለቅርብ ሰው ወይም ለበታች፣ ሁለተኛው ለአክብሮት ነበር። የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ይህን ልዩነት ከማስታወሻ ማጥናት አለበት፤ አንተና እርስዎ እያለ ያደገ ልጅ ግን በጆሮው ይሰማዋል። አንድ ገጸ ባሕርይ በንግግሩ መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቁጣ፣ ንቀት ወይም መቀራረብ ሊኖር ይችላል፤ ስለ ገጸ ባሕርያት ግንኙነት ሲጠየቅ እንዲህ ያለውን ሽግግር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ጠንካራ መልስ ነው።

ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮም እንዲሁ ይጠቅማል፤ ምጸትንና የድርብ ትርጉም ጨዋታን ቶሎ ይይዛል። ጉዳቱ ግን ወርቅ በሌለበት ወርቅ መቆፈር ነው። ሰማያዊ ቀለም ሁሉ ሐዘን፣ ዝናብ ሁሉ መንጻት ይሆንና ተማሪው ከምንባቡ ይርቃል። አንድ ነገር ተምሳሌት መሆኑን ለመናገር በድርሰቱ ውስጥ መደጋገሙን ወይም ትኩረት የተሰጠው መሆኑን ማሳየት መቻል አለብን፤ ካልቻልን ዝናቡ ዝናብ ሆኖ ይቆይ።

አንድ ትንሽ የቅርጽ ጉዳይም አለ። በእንግሊዝኛ ስለ ልቦለድ ወይም ተውኔት ሲጻፍ ድርጊቶቹ በአሁን ጊዜ ይነገራሉ፤ ስለ ደራሲው ሕይወትና ስለ ሕትመቱ ዘመን ግን በኃላፊ ጊዜ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጊዜ እየቀያየሩ መጻፍ ብዙ ነጥብ ያስቀንሳል።

አሁን አሁን ብዙ ተማሪዎች ጥያቄውን ለቻትጂፒቲና ለመሰሎቹ ይሰጣሉ። መሣሪያዎቹ ሕግን በቀላል ቋንቋ እንዲያብራሩ፣ ተጨማሪ መልመጃ እንዲያወጡ ቢጠየቁ ያግዛሉ። በሥነ ጽሑፍ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥቅስ አሳምረው ሊፈጥሩ ስለሚችሉ የሰጡት ጥቅስ ሁሉ ከመጽሐፉ ገጽ ላይ መገኘት አለበት። የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን ሥራዎች ሙሉ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያቀርባል፤ እዚያ ጥቅሱን በፍለጋ ማረጋገጥ የአፍታ ሥራ ነው።

ለሚያግዙ ሰዎች የምለው እርሳሱ በተማሪው እጅ ይቆይ ነው። የመልመጃውን የመጀመሪያ ጥያቄ አብሮ ሠርቶ፣ ሁለተኛውን ተማሪው እየተናገረ እንዲሠራ ማድረግና ከሦስተኛው ጀምሮ ዝም ማለት ይሠራል። በድርሰት ጥያቄ ላይ ደግሞ ረዳቱ ዓረፍተ ነገር ከማቀበል ይልቅ «ይህን ከየት መስመር አገኘኸው?» እና «ይህ ቃል በሌላ ቢተካ ምን ይጎድላል?» ብሎ ቢጠይቅ ተማሪው የራሱን መልስ ያወጣል። በረዳት የተጻፈን አንቀጽ መምህር ወዲያው ያውቀዋል፤ ከፊትና ከኋላው ካሉት አንቀጾች ጋር ስለማይመሳሰል።

የታረመው ሥራ ሲመለስ ስሕተቶቹን በዓይነት ለይቶ በደብተር ጀርባ መመዝገብ ይጠቅማል፤ የጊዜ፣ የስምምነት፣ የማስረጃ እጦት እያሉ። ረዳቱ ትክክል ያለውን መምህሩ ስሕተት ብሎት ከሆነ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉበት ጊዜ አለ። የእንግሊዝና የአሜሪካ አጻጻፍ ይለያያል፤ «ቲም» የሚለውን የቡድን ስም እንግሊዞች በብዙ ቁጥር ግሥም ሲያስከትሉት አሜሪካውያን አብዛኛውን ጊዜ በነጠላ ይጠቀሙበታል፤ «ኢፍ አይ ወር» በመደበኛ ጽሑፍ ሲመረጥ «ኢፍ አይ ዎዝ» በንግግር የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ተማሪው የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ ገጽ ይዞ መምህሩን በትሕትና ይጠይቅ፤ ለዚያ ክፍል ፈተና የሚሠራው መጽሐፉ የተከተለው አጠቃቀም ነው።